የኦባማኬር ክርክርና የሚኖሩበት ግዛት

አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች «ኦባማኬር ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ይህ የጤና መድን ሕግ በእርግጥ ብዙ ጊዜ ተከሷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2012፣ በ2015ም ሆነ በ2021 አላፈረሰውም።

እርስዎን ይበልጥ የሚነካው የ2012ቱ ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ ሕጉን ቢያጸናም፣ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠውን ሜዲኬይድ ማስፋቱን ለየግዛቱ ፈቃድ ተወው። ሜሪላንድ በ2014 አሰፋች፤ ቨርጂኒያ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2019 ተከተለች፤ ቴክሳስ እምቢ እንዳለች ናት። ስለዚህ ገቢው አነስተኛ የሆነ፣ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ፣ ዜግነት እያለው እንኳ፣ አሌክሳንድሪያ ሲኖር የሚያገኘውን ሜዲኬይድ ዳላስ ሲዛወር ያጣል። ገቢው ከድህነት መስመር በታች ከሆነማ መድን መግዣ ድጎማውም በአብዛኛው አይደርሰውም። ለእኔ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንደ ሐኪም የምፈራው ግን ወሬ ሰምቶ ወይም ለመቆጠብ ብሎ የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚያቋርጠውን ሰው ነው። አያቋርጡ። መድን ከሌለዎት በገቢዎ መጠን የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ይፈልጉ። የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ የአንድ ጎን መዛል ካለ 911 ይደውሉ፤ ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መድን የለዎትም ብሎ ሳይመረምር አይመልስዎትም። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የሆስፒታሉን የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ይጠይቁ።