ዘግቶ መርሳት

በአሮጌው መንገድ ወደ አዳማ ስንጓዝ፣ አቃቂ ላይ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ለቀቀብን። መስኮቱን ዘግቼ፣ የውጭ አየር እንዳይገባ የታጠፈ ቀስት የተሣለበትን ቁልፍ ተጫንሁ። እስከዚህ ደግ አድርጌአለሁ። ጥፋቴ ጭሱ ካለፈ በኋላ አለመክፈቴ ነው። አራት ሰዎች የተነፈስነውን መልሰን ስንስብ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠራቀመ፤ ሞጆ ሳንደርስ ዓይኔ ከበደ። ልጄ «አባዬ!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ ነበር።

ወገኖቼ፣ «ብርድ ይመታናል» እያልን በታክሲም በቤትም መስኮት እንዘጋለን፤ መታፈንን ግን ከሕመም አንቆጥረውም። አሳቤ አጭር ነው፦ ጭስና አቧራ ሲመጣ ዝጉ፤ ሲያልፍ ወዲያው ክፈቱ። መስታወቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝም ከውጭ አየር አስገቡ። እኔ ብዘነጋ አስታዋሽ አለኝ፤ ልጄ ጭሱ ባለፈ ቁጥር ከኋላ ሆና «አባዬ፣ ክፈተው» ትለኛለች።