ቪኤይቱ ያተርፋል ወይስ ይበላል?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ደላሎች ሳይጠሩት የማይውሉት ስም ቢኖር «ቪኤይት» ነው። ትልቁ ላንድክሩዘር በተለይም 200 ሲሪየስ የሚባለው የሀብት ምልክት ከሆነ ሰነባብቷል። ስለ መኪናው ባለንብረቶቹን የጠየቀ ሰው ግን ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንደኛው ወገን መኪናውን ይነዳዋል፤ ሁለተኛው ወገን ያስቀምጠዋል። የነጂው ምስጋና ከአስቀማጩ ስሌት ጋር ተቀላቅሎ ሲወራ የሚሳሳተው አዲሱ ገዢ ነው።

በመጀመሪያ የነጂዎቹን አስተያየት መስማት ተገቢ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ተቋራጮች፣ ቡና ለመሰብሰብ ወደ ጅማና ወደ ከፋ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ በጋምቤላና በቤንሻንጉል እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች መኪናውን አያሙትም። አካሉ በወፍራም ሻንሲ ላይ የተጫነ በመሆኑ ጉድጓዱንና ድንጋዩን ይችላል። ከ80 ሲሪየስ እስከ 300 ሲሪየስ ድረስ ፋብሪካው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት 2 ሜትር ከ85 አድርጎ ያለመቀየሩም በአስቸጋሪ መንገድ የተፈተነ ልክ ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ወገቡን ሳያመው የሚወርድ ሰው በማግሥቱ ሥራውን ይሠራል። ለእንዲህ ያለው ባለንብረት መኪናው ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ ነው።

ይኸው መኪና ከቦሌ መርካቶ ብቻ ሲመላለስ ግን ወሬው ይለወጣል። ወርዱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ ክብደቱም ከ2 ተኩል ቶን የሚበልጥ በመሆኑ ማቆሚያ ማግኘት አንድ ጣጣ ነው። ስፖኪዮው እንዳይነቀል ዘበኛ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ከሁሉም በላይ የነዳጁ ነገር አለ። መኪናው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅና በቀን 60 ኪሎ ሜትር ለ26 ቀናት ቢነዳ በወር 218 ሊትር ገደማ ይጠጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ በ2014 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ 49 ብር ከ02 ሳንቲም በገባበት ጊዜ ይህ ወደ 10,700 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ ዋጋው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲሆን ያው መንገድ 21,600 ብር ጠየቀ። የድጎማው ቅናሽ ለሕዝብ ማመላለሻ እንጂ ለግል መኪና አልታሰበምና ጭማሪው በሙሉ የወደቀው በባለንብረቱ ኪስ ላይ ነው።

ጥገናውም እንደ ስሙ ነው። 4 ነጥብ 5 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር ስምንት ኖዝል አለው፤ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ደግሞ ኖዝል አይምርም። ባለሙያ ጋራዦች ፊልትሮውን በጊዜው መቀየርን አጥብቀው የሚመክሩት ለዚህ ነው። በሶማሌ ተራ ዋጋው ረከስ ያለ ተመሳስሎ የተሠራ ፊልትሮ መግዛት ለጊዜው ገንዘብ ያተርፋል፤ ኋላ ግን በኖዝል ያስከፍላል። ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ስሙ በጅምላ «ቪኤይት» ይባል እንጂ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ 4 ሊትር የሆነ ባለስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት 200 ሲሪየስም ይሸጥ ነበር። ኮፈኑን ሳያስከፍት በስሙ ብቻ ቀብድ የሚከፍል ሰው ያልገዛውን ገዛሁ ብሎ ይሄዳል።

የአስቀማጮቹ ክርክር ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። እነርሱ ስለ ናፍጣም ስለ ኖዝልም እምብዛም አይጨነቁም። ላንድክሩዘር ገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ባንክ የማይሰጠውን ወለድ ይሰጣል ይላሉ። ይህ አባባል መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና ኤክሳይስ ታክሱ መቶ በመቶ ነበር። ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 100 ብር የወጣበት መኪና 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 135፣ ኤክሳይስ ሲታከልበት 270፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በላዩ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲሰላበት ከ341 ብር በላይ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም የቤት አውቶሞቢሎች የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ገቡ። በጥር 2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸው ተነገረ። በሩ በተዘጋ ቁጥር በውስጥ ያለው መኪና ዋጋ መውጣቱ የገበያ ሕግ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ለምሳሌ ያህል ከዚያ በፊት በነበረው ዕለት አንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ነበረው እንበል። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበረ ንብረቱ 175,000 ዶላር ያህል ነው። ዶላሩ 120 ብር በገባ ጊዜ መኪናው እጥፍ ዋጋ አውጥቶ 20 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ የሚያገኘው 167,000 ዶላር ያህል ነው። «እጥፍ አተረፍኩ» ያለው ሰው በባንክ ምንዛሪ ሲታይ ከስሯል። በጎንዮሽ ገበያው ዋጋ የሚያሰሉ ሰዎች የተሻለ ውጤት ያገኙ ይሆናል፤ ያ ገበያ አስቀድሞም ከባንኩ ርቆ ስለነበር። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚቆርጠው በራሱ ዕቃ ነው። ያ መኪና አምና ስንት ኩንታል ቡና ወይም ስንት ቤርጋ ብረት ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ቁጥሩ ካልጨመረ የተገኘው ትርፍ አይደለም፤ የብር መውረድ ነው።

ያም ሆኖ መኪናው ዋጋውን ጠብቆ ቆየ ቢባል እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በዚያው ጊዜ ያ ገንዘብ ምን ሠራ? ዕቃ በመጋዘን ያስገባ ነጋዴ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞረዋል። በግቢ የቆመ መኪና አይዞርም፤ ይልቁንም ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይደርቃል፣ የዓመት ምርመራና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። በሚሸጥበትም ቀን ቢሆን 20 ሚሊዮን ብር አውጥቶ የሚገዛ ሰው በየመንገዱ አይገኝም። ደላላው የሚጠራው ዋጋና ገዢው የሚቆጥረው ገንዘብ ለየቅል ናቸው። ባለንብረቱ በቸገረው ዕለት ይህን ልዩነት ገዢው ያውቀዋል፤ የሚጫወትበትም እርሱ ነው።

በአስቀማጮቹ በኩል የሚነሳው ጠንካራ ክርክር «ከተሸጠ አይመለስም» የሚለው ነው። እገዳው ባለበት ሁኔታ ይህን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። የቶዮታ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው 300 ሲሪየስ የስምንት ሲሊንደር ሞተር የለውም፤ በምትኩ የመጣው ባለስድስት ነው። ጃፓን ውስጥ እንኳ ገዢዎች መኪናውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው ላለመሸጥ እንዲፈርሙ ይጠየቁ እንደነበር ይታወሳል። ተፈላጊነቱ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ያልተመለሰ መኪና ሁሉ ጉዳት አይሆንም። ጥያቄው መኪናው ይመለሳል ወይ ሳይሆን ሥራው ያለ እርሱ ይሠራል ወይ ነው። በወር አንድ ጊዜ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ነጋዴ ላንድክሩዘር ተከራይቶ ሄዶ ይመለሳል፤ ለከተማው ደግሞ አነስተኛ መኪና ይበቃዋል። በሳምንት ሦስት ቀን አቧራ የሚበላ ተቋራጭ ግን ቢሸጠው በማግሥቱ ይጸጸታል። ባትሪ የሚሞላበት ቦታ ከአዲስ አበባ ሲወጡ እየሳሳ ስለሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪናም ለእንዲህ ያለው ሰው ምትክ አይሆንለትም።

እንግዲህ ባለንብረቱ አንድ ደብተር ቢከፍት ይበጀዋል። በአንድ ገጽ መኪናው በወር ከአስፋልት የወጣበትን ቀን ይጻፍ። በሌላው ገጽ ናፍጣውን፣ ጎማውን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና በዚያ ገንዘብ ሊገዛ ይችል የነበረውን ዕቃ ትርፍ ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ መልሱን ከደላላ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከአስፋልት የወጣው ቀን ብዙ ከሆነ መኪናው ይቆይ፤ ዋጋውም ወጣ ወረደ ሥራውን ስለሚሠራ አያሳስብ። ቀኑ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ግን ገበያው ዋጋ በሚጠራበት ሰዓት መሸጥ ነውር አይደለም።

ትልቅ መኪና ለባለቤቱ ክብር መስጠቱ አይካድም። ለስብሰባ ሲደርሱ ዘበኛው በሩን ቶሎ ይከፍታል፤ ብድር የሚጠይቅ ሰውም በእርሱ ቢመጣ ይሻለዋል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ባንኩ የሚያየው ሒሳቡን ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ እንደሚባለው፣ የጨረታውን ዋጋ አይቶ የታሰረውን ካፒታል ያላየ ባለንብረት መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ግቢው ሙሉ ይሆንበታል።