ፋይሉ እምቢ ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ

እኩዮቼ፣ በደሴና በኮምቦልቻ በትርጉም ሥራ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ሁሉ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ልቤ ከብዶት ነው። ባለፈው ሰኞ፣ ሰኞ ገበያ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልሎ ቢሮዬ ገባ። የሁለት ዓመት ሥራው ነው፤ ለጤና ሠራተኞች የሚሆን የማሠልጠኛ መጽሐፍ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። የሚሠራበት የትርጉም ፕሮግራም፣ ኦሜጋቲ፣ ፕሮጀክቱን አልከፍትም ብሎታል። ስሙን አላነሣም፤ ከማናችንም ያላነሰ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ያመጣውን ፍላሽ ሰክቼ፣ አዳንኩት ያለኝን ፋይል ከፈትኩት። እንግሊዝኛው በቦታው አለ። አማርኛው በነበረበት ግን የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ እንደገና የጥያቄ ምልክት። ቃሉ ባለስንት ፊደል እንደነበር መቁጠር ይቻላል፤ ምን ቃል እንደነበር ግን ማንም አያውቅም። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

ነገሩ ሲጀምር ትንሽ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን እያስቀመጠ ሳለ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ትርጉሙ የተከማቸበት የቲኤምኤክስ ፋይል ጅራቱ ተቆረጠ። ይህ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከነትርጉሙ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይታሰራል፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ጠቅላላውን የሚዘጋ ምልክት አለ። ያ ከጎደለ ፕሮግራሙ ከላይ ያሉትን ደኅና ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አላነብም ይላል። ግልባጭ ወስዶ፣ የተቀደደውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ፣ መዝጊያዎቹን መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያም ቢከብድ፣ ኦሜጋቲ ራሱ በዚያው ፎልደር የቅርብ ጊዜ አሥር ቅጂዎችን ቀንና ሰዓታቸውን በስማቸው ላይ ጽፎ ያኖራል፤ ስማቸው «ባክ» ብሎ ያበቃል። አንዱን ኮፒ አድርጎ የተበላሸውን ፋይል ስም መስጠት ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ወንድማችን ይህን አላወቀም። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ ነካካው። አማርኛን በማይችለው «አንሲ» በሚባለው የፊደል ኮድ ሴቭ ሲያደርገው ኮምፒዩተሩ ፊደሉ ይጠፋል ብሎ ነገረው፤ እሱ በድንጋጤ እሺ አለ። ያችኑ አንዲት ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጦ ላፕቶፑን ለጠጋኝ ሰጠ። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ መለሰለት። አሥሩ ቅጂዎች አብረው ሄዱ።

ስለዚህ አስጠነቅቃችኋለሁ። የማይከፈት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አለ፤ የምንገድለው እኛ ነን፣ ያውም በመጀመሪያዋ ሰዓት። እምቢ ሲላችሁ አትነካኩት። ሴቭ አትበሉ፣ ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ አትጫኑ፣ «እንደምንም አድርገው» ብላችሁ ለሰው አትስጡ። አስቀድማችሁ ፎልደሩን በሙሉ፣ አንዲት ፋይል ሳታስቀሩ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የምትሞክሩትን ሁሉ በግልባጩ ላይ ሞክሩ። ከጠጋኝ አፍ ፎርማት የሚል ቃል ከሰማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ትራዶስ በሚባለው የትርጉም ፕሮግራም የምትሠሩም ከዚህ አታመልጡም። ብዙ ጊዜ ጠፋ የሚባለው ፕሮጀክት ፎልደሩ ከቦታው ስለተነሣ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያሳያችሁ ዝርዝር አድራሻ ብቻ ነው። ፎልደሩ ወዳለበት ሄዳችሁ የፕሮጀክቱን ፋይል ከዚያ ክፈቱ። ደንበኛ የሚልከው ፓኬጅም ዚፕ ነው። የስሙን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይራችሁ ብትፈቱት ሰነዶቹን ከውስጡ ታገኛላችሁ፤ እነሱም ኤክስሊፍ በሚባለው የጋራ ደንብ ላይ ስለተመሠረቱ የሚያነቧቸው ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። በክራክ የምትሠሩ ግን ስሙኝ፦ ዊንዶውሱ በተቀየረ ቀን ክራኩ እምቢ ሊል ይችላል፤ በአዲስ ስሪት የከፈታችሁትን ፕሮጀክትም አሮጌው ላይቀበለው ይችላል። የዕድሜ ልክ ሥራችሁን በተሰረቀ ቁልፍ ቆልፋችሁ አትተኙ። ኦሜጋቲ በነፃ አለ።

ስለ ፍላሽም አንድ ነገር ልበል። ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢታዩ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው እዚያው አሉ። ሾርትከቱን አትጫኑት፣ ቫይረሱን የሚያስነሣው እሱ ነው።

ከዚያም የሚብሰኝ የድሮው ሥራችን ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር የምንተይበው። ያ ፋይል ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ ልጆቻችን የተበላሸ መስሏቸው ይሰርዙታል። ፎንቱ ቢጫን ይነበባል፣ ወደ ዩኒኮድም ይቀየራል። የትኛው ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የምናውቀው ግን እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነስን ነው። በሕይወት ሳለን በፎልደሩ ላይ ጽፈን እንለፍ።

በታይፕራይተር ዘመን በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን እናስገባ ነበር። አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለኛ ፋይል። ጣታችን አንዴ ሲመታ ሁለት ይወጣል፤ ቅጂ ለመያዝ ማሰብ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ካርቦኑን ጣልነው፤ በቦታው የተካነው ነገር የለም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደርሶ ከደሴ ስንወጣ ማን ዴስክቶፕ ተሸክሞ ወጣ? ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛው እንጂ ኮምፒዩተሩ አልነበረም። እኔ እንኳ ግልባጭ ነበረኝ። ኮምቦልቻ፣ ዘመድ ቤት፣ በሀረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ። ሁለቱ ከተሞች በቀናት ልዩነት ተያዙ፣ ሁለቱም ተዘረፉ፤ ዋናውም ግልባጩም በአንድ ሰሞን ሄደብኝ። ከዚህ ተምሬ ሥራዬን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አደረግሁ። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራት ሥራዬ አለ፣ እኔ ግን አልደርስበትም።

ግልባጭ የት መቀመጥ እንዳለበት ለማየት ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ፤ ከደጃችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገዳሙ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው። የግዕዙ ወንጌል ራሱ ከግሪክ የተመለሰ፣ ስማቸው ያልደረሰን የሙያ አባቶቻችን ድካም ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ያነሡት ሰዎች አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱን አሜሪካ ሚኒሶታ አኖሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው ለዓመታት ካታሎጉን ያዘጋጁት በዚያ ቅጂ ነው። አንድ ጦርነት፣ አንድ ቃጠሎ፣ አንድ ጎርፍ ሁለቱን ቦታ አብሮ አያገኝም።

እኔም አሁን እንዲሁ አደርጋለሁ። በወሩ መጨረሻ የትርጉም ማኅደሬን በሙሉ በቲኤምኤክስ አወጣለሁ፤ ቲኤምኤክስ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ ነገ በሌላ የትርጉም ፕሮግራምም ይከፈታል። ከዚያ ግልባጩን ከፍቼ አያለሁ፤ ያልተከፈተ ግልባጭ አላምንም። አንዱ ዲስክ ቢሮዬ፣ ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ ልጄ ቤት ይቀመጣል።

ወንድማችን መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ እንደገና ጀምሯል። ሐሙስ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ዘመድ አለኝ። ዲስካችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁበት፣ እስከ ረቡዕ ማታ አድርሱኝ።