የትምህርት ቤት ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል?

በኤድንብራ የሚገኘው ሮያል ሃይ ስኩል ልደቱን ከሆሊሩድ ገዳም ጋር አያይዞ እስከ 1128 እ.ኤ.አ. ድረስ ይቆጥራል። ደራሲው ዋልተር ስኮትና ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በዚሁ ተምረዋል። ይህን ዕድሜ መጠራጠር ዓላማዬ አይደለም። ጥያቄዬ ባለዕድሜው ማን ነው የሚል ነው።

ሕንፃው ነው እንዳንል፣ ቶማስ ሃሚልተን በካልተን ኮረብታ ላይ በግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳል ያነፀውንና በ1829 የተመረቀውን ዝነኛ ሕንፃ ትምህርት ቤቱ በ1968 ለቅቆ ወደ ባርንተን ሄዷል። (የተተወው አዳራሽ ኋላ ለታሰበው የስኮትላንድ ምክር ቤት ተሰናድቶ ነበር፤ በ1979 ሕዝበ ውሳኔ ድጋፉ ከተቃውሞው ቢበልጥም ሕጉ የጠየቀው መጠን ስላልተሟላ ምክር ቤቱ ሳይገባበት ቀረ።) ተማሪዎቹ ናቸው እንዳንል ደግሞ፣ ልጃገረዶች በዚያ ደጃፍ ተማሪ ሆነው መግባት የጀመሩት በ1973 ነው፤ ከተባለው ምሥረታ 845 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ሳይቋረጥ የዘለቀው ስሙና የወንዶች ልጆች ትምህርት ነው። ስምን ጠብቆ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን «ጥንታዊ» የሚለው ማዕረግ ብቻውን ሲነገር፣ ከከተማዋ ልጆች እኩሌታው ለስምንት ምዕተ ዓመታት ከደጅ መቅረቱን ይሸፍናል። ስለዚህ የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ የሚጽፍ ሰው 1973ን በግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን ከ1128 ጎን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል ባይ ነኝ።