ጣሪያው ያበራል፣ ጄሪካኑ ኮሪደር ላይ ተሰልፏል

ባለፈው ወር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ለቤት ምርቃት ጠራን። ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው፤ ባለሁለት ደረጃ ጂፕሰም፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት የተዘረጋበት። ዐይኔን ዝቅ ሳደርግ ኮሪደሩን አየሁ፤ ስምንት ቢጫ ጄሪካን ግድግዳ ተደግፎ ተሰልፏል። ከዚያ ሳሎኑ፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሞላው ትልቅ ሶፋ፣ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተነሳለትም።

ምሳ ተበላ፣ ቡና ተፈላ፣ ከሰዓት በርጫው ተጀመረ። ያኔ ባለቤቱን ጨምሮ ሁላችንም ከሶፋው ወርደን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ከመኝታ ቤት ፍራሽ ወጣ፣ መከዳ መጣ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሶፋ የጀርባ መደገፊያ ሆነ።

«አቦ፣ ታዲያ ሶፋውን ለምን ገዛኸው?» አልኩት።

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እኛ ምንድን ነን?»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቄ ጠፋ። የዚያ ሶፋ ዋጋ ገና ብዙ ወር የሚከፈል የእቁብ ዕዳ መሆኑን አውቃለሁና።

ይህን የምጽፈው ጓደኛዬን ለማማት አይደለም፤ ፈቅዶልኛል፣ እንዲያውም «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ብሎኛል። የምጽፈው እሱ የሠራውን ስህተት ሐረርም፣ ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም በየቀኑ እየሠራነው ስለሆነ ነው። አነስተኛ ገንዘብ ይዘን ቤት ስናስውብ ለማያውቀን እንግዳ እናስውባለን፤ በየቀኑ የምንኖረው እኛ ግን ከዕቅዱ ውጭ ነን። አባቶቻችን ይህን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉታል።

ገንዘቡ እንዴት አለቀ?

ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ አንድ ሳሎን አየ። ፎቶውን ይዞ ባለሙያ ጋ ሄደ፤ ባለሙያው ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ልብስና እህል የት እንደሚቀመጥ አልጠየቀውም። «ሙሉ ዲዛይን» ተብሎ አንድ ድምር ዋጋ ተነገረው። የጣሪያው ሥራ ተጀመረ። ቀጥሎ ለሶፋው ቀብድ ተከፈለ። ቀጥሎ የቴሌቪዥን ግድግዳ። ለኩሽና ቁም ሳጥን የሚሆነውን ገንዘብ አናጺው አብዛኛውን በቀብድ ወስዶ ሳምንታት ጠፋ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ማለት ይህ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሲደረስ ኪሱ ባዶ ነበር። ስለዚህ ከሴራሚኩ በታች ውሃ እንዳያሳልፍ የሚደረገው ሥራ ተዘለለ። ሁለት ወር ሳይሞላ የታች ጎረቤት ጣሪያው እየረጠበ መጣ፤ አዲሱ ሴራሚክ ተሰብሮ እንደገና ተሠራ። አንድ መታጠቢያ ቤት ሁለት ጊዜ ተከፈለበት።

ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገንዘቡ ትንሽ ስለነበረ የተበላሸ ነገር የለም። የጂፕሰሙ ገንዘብ ለመታጠቢያ ቤቱና ለውሃ ታንከር ይበቃ ነበር። የጎደለው ቅደም ተከተል ነው።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው?

አይደለም። ከላይ ጀምሩ። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የቤት ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉ ቁጥሮችን በቃላችን አጥንተናል። የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው የሚያዋጣው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው ነው። ድምሩ ሁልጊዜ መቶ ነው። ብዙ ሰው ግን ቁልፉን ተረክቦ በሩን ሲከፍት ውስጡ ያላለቀ ቤት ነው የጠበቀው። ለዚያ ሥራ የተመደበ ቁጥር የለም። መቶ በመቶ ከፍለህ ገና ቤት የለህም። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ያለ ዕቅድና ያለ ብድር የሚገባበት ትልቁ ወጪ ይሄ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አይነግረውም።

ሁለተኛው የገበያው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ መብራት፣ የታሸገ ቦርድ ሁሉ አብሮ ዘሏል። ደመወዝ አልዘለለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ብቻ የሚቆም ዲዛይን ለደመወዝተኛ መሸጥ ውበት መሸጥ አይባልም፤ ዕዳ መሸጥ ነው።

ሦስተኛው እኛው ነን። ቤት ጠያቂ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቀና ብሎ «ጂፕሰም አላሠራችሁም እንዴ?» የሚለው ማነው? ያው እኔና አንተ ነን። «ውሃ ሲጠፋ እንዴት ትሆናላችሁ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

መልሱ ከግንቡ ውስጥ ነበር

ይበልጥ የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሐረር ውስጥ መሆኑ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ በትንሽ ዕቃ እንዴት በክብር እንደሚኖር ከዚህች ከተማ በላይ ማን ያውቃል? ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ 82 መስጊድ፣ ከመቶ የሚበልጡ የአውልያ ቦታዎች፣ ገበያዎችና ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች ሰፍረዋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የሐረሪ ቤት ውስጣዊ አሠራር ነው።

ያላያችሁት ካላችሁ ላስረዳ። ወደ ዋናው ክፍል ስትገቡ ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ በተለያየ ከፍታ ተደርድሮ መቀመጫ ሆኗል፤ ነደባ ይባላል። አምስት ነው፤ አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ እና ከበሩ ኋላ ያለው ገብቲ ኤሄር ነደባ። እያንዳንዱ የራሱ ተቀማጭና የራሱ ሥራ አለው። ቀን የተቀመጡበት ማታ ይተኛበታል። ሰው ሲበዛ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ሶፋ ግን የሦስት ሰው ከሆነ የሦስት ሰው ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት ጣቄቶች መደርደሪያ ናቸው፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር አይወስዱም። ከጎን ያለችው ዴራ የዕቃ ማስቀመጫ ናት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌትና ሳህንም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ድግስ ሲመጣ ወርዶ የሚሠራ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ባለሙያዎቹ «ቦታ ቆጣቢ»፣ «ባለብዙ አገልግሎት» እያሉ በውድ የሚሸጡልን ሐሳብ ይሄው ነው። አያቶቻችን በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በእንጨትና በኖራ ሠርተውታል።

«ወደ ኋላ እንመለስ ትለናለህ?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም። ሐረር ራሷ ከውጭ መቀበል ትችልበታለች። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የህንድ ነጋዴዎች ባለፎቅና ባለበረንዳ ቤት ይዘው ሲመጡ ከተማዋ አልገፋችውም፤ ከራሷ ቤት ጋር አዋህዳ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ፈጠረች። ዛሬም ጀጎል ውስጥ ቆሞ ታዩታላችሁ። የተቀበለችው ግን የሚጠቅማትን መርጣ ነው።

ደግሞም የድሮው ቤት ሁሉ ነገሩ ይወረስ አልልም። የአቀማመጡ ሥርዓት የማዕረግ ሥርዓትም ነበር፤ ማን ከፍ ብሎ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ ቦታው ይወስናል። እሱን መውሰድ የለብንም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችም ዝቅ ያለ መቀመጫ ቅጣት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የድንጋይና የጭቃ ነደባ መሥራትም አይቻልም፤ ሕንፃው ለዚያ ክብደት አልተሠራም።

የሚቻለው ምንድን ነው? በግድግዳው ዙሪያ ክዳኑ የሚከፈት የእንጨት ሣጥን መቀመጫ፣ ከፍታው እንደ ወንበር፣ በላዩ ፍራሽና መከዳ። ይህን ማንኛውም የሰፈር አናጺ ይሠራዋል። ውስጡ ብርድ ልብስ፣ የክረምት ልብስ፣ የድግስ ዕቃ ይይዛል፤ ማታ አልጋ ይሆናል። ጓደኛዬ ሶፋና ቁም ሳጥን ለየብቻ ከሚገዛ ይህን ቢያሠራ ኖሮ ኮሪደሩ ይተነፍስ ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ግንቡ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ሶፋ አልገባ ስላለ ነደባ የሚያፈርስ ቤተሰብ አለ። ጣቄቱን ደፍኖ የቴሌቪዥን ቦርድ የሚለጥፍ አለ። ኖራውን ፍቆ በሲሚንቶ የሚለስን አለ፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ከዚያው መንደር ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ደግሞ የውጭ ጎብኚ ነደባ ላይ ለማደር ገንዘብ ይከፍላል። እኛ ከፍለን እናፈርሳለን፣ እሱ ከፍሎ ያድርበታል። በእነዚህ ቤተሰቦች ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ «ቅርስ ነው አትንካ» የሚል ሁሉ ግን የኖራውንና የጠራቢውን ዋጋ አብሮ ሲያግዝ ቢታይ ጥሩ ነበር።

ታዲያ እንዴት እናቅድ?

ለትችት ብቻ አልተነሳሁምና እኔ የምከተለውን ልናገር። ሕግ አይደለም፤ እንደ ቤታችሁ አሻሽሉት።

ያላችሁን ገንዘብ አሥር ቦታ ክፈሉት። አራቱ እጅ ለማይታየው ይሁን፤ ለቧንቧ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለኤሌክትሪክ መስመር፣ ለመታጠቢያ ቤት ውሃ መከላከያ፣ ለበርና ለመስኮት። ሐረር ውስጥ ውሃ ስንት ዓመት እንዳስቸገረን ለእናንተ አልነግርም፤ የሐረማያን ሐይቅ መድረቅ ያየ ትውልድ ታንከር የሚቀመጥበትን ቦታ ከሶፋው በፊት ማሰብ አለበት። ሁለት እጅ ለኩሽናና ለዕቃ ማስቀመጫ። ሁለት እጅ ለወለልና ለቀለም። አንድ እጅ ለመቀመጫ። የመጨረሻዋ አንድ እጅ አትነካም፤ የሚሰበር ነገር አይጠፋምና። ጂፕሰም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጣሪያው ቀድሞውኑ ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ሌላ ጣሪያ ማውረድ በገንዘብ የሚገዛ ጠባብነት ነው።

ለወለል ሴራሚክ ካልደረሳችሁ በደንብ የተሠራ ቀይ ሊሾ አታፍሩበት። የሐረሪ ቤት ወለል ቀይ ነው፤ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ ትንሽ ክፍል ሰፊ የሚመስለው በብርሃን ነው።

ከባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ ድምር ዋጋ አትቀበሉ፤ ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለያይቶ በዝርዝር ይጻፍ። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። የእጅ ዋጋውን ሥራው በደረሰበት ልክ ክፈሉ። «ወንድሜ፣ እኛ እንተዋወቃለን እኮ» የሚላችሁን ደግሞ አስቀድማችሁ አስፈርሙት፤ መተዋወቃችሁ እንዲቀጥል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ሳምንት ባዶ ቤቱ ውስጥ ኑሩበት። ፀሐይ በየት እንደምትገባ፣ ልጆቹ የት እንደሚያጠኑ፣ ቡና የት እንደሚፈላ፣ በርጫ የት እንደሚያዝ እዩ። ያ ሳምንት ምንም አያስወጣም፤ ከየትኛውም ቲክቶክ የበለጠ ያስተምራል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሶፋውን ለመሸጥ ማስታወቂያ አውጥቷል። ዋጋው ከገዛበት በእጅጉ ወርዷል፤ የደወሉለት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አዲስ ቤት የተረከቡ ናቸው፤ ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁት «እንግዳ ፊት ያምራል?» ብለው ነው።

እናንተስ? ቤታችሁን ስታሠሩ መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣችሁት ምን ላይ ነው? ተጸጽታችሁበት ከሆነም ከታች ጻፉት፤ ነገ ቁልፍ ለሚረከብ አንድ ሰው ይጠቅመዋል። እንደዚያ ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይህን አድርሱለት።