ያለፈበት ቀሚስ የሚባል ነገር የለም

ነጭ ተሾመ። ሹመቱን ያወጀው ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ብቅ ብሎ የፈረንጆቹ 2026 ቀለም «ክላውድ ዳንሰር» ነው አለን። መለያ ቁጥሩ 11-4201 ነው። ስሙንና ቁጥሩን ገፈፍ አድርገን ስናየው ነጭ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ኩባንያው ከ2000 ጀምሮ (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በየዓመቱ ቀለም ሲሾም ለነጭ ተራ ሲደርሰው ይህ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ደረቱን ነፍቶ «ነጭማ የእኛ ነው፤ ነጠላችንን አይተው ነው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኩራቱን ለሌላ ቀን ያቆይልኝ። ነጩን ማን ቀድሞ ለበሰው የሚለው ክርክር እኔን አያሞቀኝም። ደሜን የሚያፈላው ሹመቱ የአንድ ዓመት መሆኑ ነው። በ2023 «ቪቫ ማጀንታ» ነበር የተሾመው፤ በ2024 «ፒች ፈዝ»፤ በ2025 «ሞካ ሙስ»። ዛሬ ማጀንታዋ ቀሚስ የት ናት? ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከተንጠለጠሉት ሁሉ ኋላ። አልተቀደደችም፣ አልለቀቀችም፣ አልጠበበችም። ማንም አትልበሷት አላለም። ባለቤቷ ብቻ አፈረችባት። የፋሽን ኢንዱስትሪ ትልቁ ምርቱ ይህቺ እፍረት ናት፤ ጨርቁ ማሸጊያዋ ነው።

ፓንቶን ልብስ አይሰፋም። በ1963 ያወጣው ቀለምን በቁጥር የመለየት ሥርዓት አንድ ኒው ዮርክ ያለ ዲዛይነር ከአንድ ሻንጋይ ካለ ማቅለሚያ ቤት ጋር ስለ ቀይ ሲነጋገር ሁለቱም አንዱን ቀይ እንዲያስቡ አስችሏል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ አልክድም። የዓመቱ ቀለም ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ማስታወቂያ ነው። ከጎኑ ደግሞ «የወቅቱን ቀለም እንተነብያለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ትንበያቸውን ከዓመትና ከዚያ በላይ አስቀድመው ለክር አምራቹም፣ ለጨርቅ ፋብሪካውም፣ ለባለ ሱቁም ይሸጡለታል። አምራቹም ሻጩም ያንኑ ወረቀት ገዝተው፣ ያንኑ ቀለም አዝዘው፣ በዚያው ሳምንት መስኮት ላይ ሲሰቅሉት ትንበያው «ደረሰ» ይባላል። ባይደርስ ነበር የሚገርመው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ደማቅ ቀለም የሚገኘው ከሥር፣ ከቅጠል፣ ከነፍሳትና ከቀንድ አውጣ ነበር፤ ስለዚህ ውድ ነበር። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲታገል ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ንግሥት ቪክቶሪያ በልጇ ሠርግ ላይ በዚያው ዓይነት ሐምራዊ ቀሚስ ታየች፤ ለንደንም ሐምራዊ ለበሰች። ከዚያ ወዲህ ቀለም እየረከሰ ሄደ። ሁሉም ሁሉን ቀለም መልበስ ሲችል ነጋዴው የሚያስወድደው ሌላ ነገር አስፈለገው። ያገኘውም ጊዜን ነው። ቀይ መልበስ ብቻውን አይበቃም፤ የዘንድሮን ቀይ፣ ያውም በዘንድሮ ወር መልበስ አለብሽ። ልብስ እንደ ወተት የማብቂያ ቀን ተጻፈበት።

የዚህን ወረት ሒሳብ ማን ይከፍላል? ሐዋሳ ያሉ እኅቶቻችንን ጠይቁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ የትልልቅ ብራንዶች ስም በኩራት ተጠራልን። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ግን የአገራችን የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ካነጻጸሯቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ይኸው ነው የወቅቱ ቀለም ርካሽ ሆኖ መስኮት ላይ የሚሰቀልበት ምሥጢር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በ2021 ፋብሪካውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ በጥር 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ተሰረዘች። ብራንዱ ወደ ሌላ አገር ዞር አለ፤ ልጅቷ ወዴት ትዙር? ያ ሁሉ ሸሚዝ ደግሞ ባሕር ማዶ ወረቱ ሲያልፍበት በቦንዳ ታስሮ ሰልባጅ ሆኖ ወደ አፍሪካ ገበያዎች ይመለሳል። የዋጋውን ዝቅታም፣ የወረቱን ትርፍራፊም የምንቀበለው እኛው ነን።

አሁን ወደ ቀይ ምንጣፉ እንሂድ፤ እፍረቱ ክብር ለብሶ የሚወጣው እዚያ ነውና። ኦስካር ቀይ ምንጣፍ ማንጠፍ የጀመረው በ1961 ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጆርጂዮ አርማኒ የሆሊውድ ተዋንያንን ማልበስን የንግድ ስልት ሲያደርገው ሌሎቹ ፋሽን ቤቶች ተከተሉት፤ ምንጣፉም ቀስ በቀስ ከሽልማቱ የማይተናነስ ገበያ ሆነ። በ2023 ኦስካር ቀዩን አንሥቶ የሻምፓኝ ቀለም ያለው ምንጣፍ ሲያነጥፍ ታላቅ ለውጥ ተብሎ ተወራ። አልሸሹም ዞር አሉ! በ2025 ደግሞ የካን ፊልም ፌስቲቫል እርቃን የሚያሳይም ሆነ መንገድ የሚዘጋ ሰፊ ቀሚስ ከለከለ፤ ያም ለሳምንት ወሬ ሆነ። የምንጣፉ ቀለምና የቀሚሱ ስፋት ሲያነጋግረን ዋናው ነገር ከዓይናችን ያመልጣል። በዚያ ምንጣፍ ላይ የምታዩት ቀሚስ በአብዛኛው የተዋንያኑ ንብረት አይደለም። ተውሰውት ነው። አልማዙም ከጠባቂ ጋር መጥቶ ከጠባቂ ጋር ይመለሳል። ስለለበሱ የሚከፈላቸውም አሉ። ሀብታሟ ትዋሳለች፤ በስልኳ የምታያት ሠራተኛ ደግሞ ቅጂውን ትገዛለች። ከሁለቱ የተሞኘችው የትኛዋ ናት?

እኛ ደግሞ ምንጣፉን ብቻ ቀድተን ውሰቱን ረስተነዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም ምርቃት፣ የሱቅ ምርቃት፣ የልጅ ልደት ሳይቀር ቀይ ምንጣፍና የስፖንሰር ባነር አለው። ቀሚስ የሚያውሰን አርማኒ ግን የለንም፤ የሚያለብሰን እቁብ ነው። ሠርግ ሲደርስ ሙሽራዋ ከፒንተረስት የመረጠችውን ቀለም ለሚዜዎቿ ታስታውቃለች፤ ሚዜዎቹም ዳግም የማይለብሱትን ቀሚስ በደመወዛቸው ያሰፋሉ። ዋሽንግተንም ዱባይም ያሉ ሐበሾች ሠርግ ላይ ይኸው ነው። እኔም ለጓደኝነት ስል እንዲህ ካሰፋኋቸው ቀሚሶች አንዱ ዛሬም በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለሰው ለመስጠት እንኳ ቀለሙ «የዚያ ሠርግ» ነው።

ፀጉር ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል፤ ሰውነትን ይነካል። በ1979 «ቴን» የተባለ ፊልም ላይ ቦ ዴሪክ የምትባል ነጭ ተዋናይት ሹሩባ ተሠርታ ታየችና አሜሪካ እንደ አዲስ ፋሽን ተቀበለችው። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጥቁር የአየር መንገድ ሠራተኛ በሹሩባዋ ምክንያት ከአሠሪዋ ጋር ተካስሳ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቆመች። በ1981 ተፈረደባት። ፍርዱ ላይ ምን እንደሠፈረ ታውቃላችሁ? ሠራተኛዋ ሹሩባውን ይዛ ሥራ ቦታ የታየችው በአንዲት ነጭ ተዋናይት ፊልም ከታወቀ በኋላ መሆኑ። የእናቷ የአያቷ ፀጉር ከሆሊውድ የተቀዳ ወረት ተደረገባት! በ2015 ተዋናይት ዘንዳያ በ18 ዓመቷ ረጃጅም ድሬድ ተሠርታ ኦስካር ምንጣፍ ላይ ስትቆም አንዲት የቴሌቪዥን አቅራቢ ፀጉሯ ካናቢስ ሳይሸት አይቀርም ብላ ቀለደች፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀች። በ2019 ካሊፎርኒያ በፀጉር አሠራር ምክንያት ሰውን ማግለልን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሹሩባ ለመሠራት ሕግ አስፈለገ።

«ይህ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው» እንዳትሉኝ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ እንግዶች በሚመጡበት ዋዜማ አለቃዬ ሹሩባዬን አይተው «ለነገ ፀጉርሽን ተሠሪ እንጂ» ብለውኛል። ተሠርቼ ነበር እኮ! እሳቸው የፈለጉት ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ለስልሼ እንድመጣ ነው። እኚሁ ሰው ለጥምቀት ሚስታቸውን በሹሩባ አጊጠው ፎቶ ይለጥፋሉ። ሹሩባ ለበዓል ባህል፣ ለሥራ ቀን ግን ኋላ ቀርነት ነው ያለው ማን ነው? ቀለምን በዓመት የሚሾመውና ፀጉርን በቀን የሚከፋፍለው አስተሳሰብ አንድ ነው። መልክሽ ያንቺ አይደለም ይልሻል፤ ፈቃድ ይዘሽ ነይ ይልሻል።

«ታዲያ እንዳናጌጥ ነው የምትይን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ኧረ አጊጡ! ከእኔ በላይ ማጌጥ የሚወድ የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለ ሕዝብ አዲስ ልብስን እንዴት ይጠላል? ያ አባባል ስለ ወቅት ልብስ ከተባለው ሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ነገር ስላለው ነው፤ ቀጠሮው የበዓሉ እንጂ የነጋዴው አይደለም። ለጥምቀት የተሠራው ቀሚስ ለፋሲካም፣ ለሠርግም፣ ለክርስትናም ይወጣል፤ ከዚያ ለልጅ ይተርፋል። በሚቀጥለው ጥምቀት ማንም ጣቱን ቀስሮ «ያምናው ነው» አይልም ነበር።

ነበር አልኩ። አሁን ይላል። አሁን «የዘንድሮ ጥለት» አለ። በዓል ሊደርስ ሲል ቲክቶክ ላይ አንድ ንድፍ ይወጣል፤ አባት፣ እናትና ሕፃን ልጅ በአንድ ጥለት ተመሳስለው ፎቶ ይነሣሉ፤ በማግሥቱ ስልክ ሁሉ «ይህን አላችሁ?» ይላል። ሸማኔው ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ እያቀበለ፣ ጥለቱን ክር በክር እየለቀመ የሚሠራ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ጥጡን ባዝታ የፈተለች ሴት አለች። ይህ ሥራ በወረት ፍጥነት አይሄድም። የሚፈጥነው ማሽን ነው፤ ጥለቱን ፖሊስተር ላይ አትሞ በርካሽ ከውጭ የሚያራግፈው። ሸማኔው ያንን ጥለት ጨርሶ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲያወርደው ገዢዋ «ይሄማ አለፈበት» ትለዋለች። የሰው ልጅ የወር ድካም ሳይለበስ ያልፍበታል! እጄን በአፌ የሚያስጭነኝ ይህ ነው። የባህል ልብሳችንን ከወረት የሚጠብቅልን ባህል ነው ብለን እንመካ ነበር፤ እኛው ራሳችን የማብቂያ ቀን ጻፍንበት።

መላ የለውም እንዳትሉኝ፤ ሊያ ከበደን አስታውሱ። በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ወኪል አድርጎ የመረጣት ሞዴል ናት፤ የካሜራው ብርሃን ሁሉ በላይዋ ነበረ። አገሯ ስትመለስ ገበያ ያጡ ሸማኔዎችን አየች፤ በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት መሠረተች። የአንድ ሰው ድርጅት ሽሮ ሜዳን አያድንም። ነገር ግን ካሜራው የበራላት ሴት ብርሃኑን ወደ ሸማው ማዞር እንደምትችል አሳይታናለች፤ ሌሎቻችሁ ምን ያዛችሁ?

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ገዢዎች፣ ለመጪው በዓል ያምናውን ቀሚስ ልበሱና ፎቶውን ለጥፉ፤ ከሥሩም «ያምናው ነው» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ሺህ ሴት ይህን ካደረገች እፍረቱ ይከስራል። ለሚዜዎቻችሁ ቀለም የምትመርጡ ሙሽሮች፣ ጓደኞቻችሁን ካላቸው ልብስ እንዲመርጡ ተዉአቸው። ዲዛይነሮች፣ ቀሚሱን ስትሸጡልን በስንት ዓመቱ እንደሚያረጅ ንገሩን፤ ለልጅ እንዲተርፍም ስፌቱ ውስጥ ጨርቅ ተዉለት።

በየምንጣፉ የምትቆሙ አርቲስቶች ደግሞ፣ ጋዜጠኛው ማይኩን አቅርቦ «የማን ሥራ ነው የለበስሽው?» ሲላችሁ የዲዛይነሯን ስም ጥሩ፤ ይገባታል። ማይኩን ግን ቶሎ አትመልሱለት። የሸማኔውንም ስም ጥሩ። አናውቀውም ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሽሮ ሜዳ ሩቅ አይደለም።