ለፈረንጅ የእግር መንገድ፣ ለላስታ ልጅ ዳገት!

ኧረ ለመሆኑ ላሊበላ ከተማ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ኳስ የሚራገጠው የት ነው? ጥያቄው ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። «አገር ቆስሎ፣ ኑሮ ሰማይ ነክቶ፣ ይሄ ደግሞ ስለ ኳስ ሜዳ ያወራል» የሚለኝ አንባቢም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን የማወራው ስለ ኳስ አይደለም። ስለ ቤት ነው። ማን የት እንዲኖር ተፈቀደለት? ማን ከየት ተነሣ? የተነሣውስ ሰው ሰውነቱን የሚያፍታታበት፣ ልጁ የሚሮጥበት፣ ሽማግሌው ጥላ ሥር አረፍ የሚልበት ቦታ በማን ሒሳብ ተቆጠረ?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ነበሩ። ኩራታችን ነው። ነገር ግን ጫካ ውስጥ ተጥለው የተገኙ ፍርስራሾች አልነበሩም፤ ዙሪያቸውን ሰው ይኖር ነበር። ካህኑ፣ ዲያቆኑ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሸማኔው፣ የቆሎ ተማሪው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚያድረው ምስኪን ሁሉ በእነዚያ በቀይ ድንጋይ በተሠሩ ክብ ቤቶችና በጭቃ ቤቶች ተጠጋግቶ ኖሯል። ቅርሱን ለስምንት መቶ ዓመታት ያቆየው ዩኔስኮ ሳይሆን ይሄ ሰው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 35 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደለት «ዘላቂ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት» መጣ። አዲስ አበባን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያካትት ነበር። በላሊበላ በኩል ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩትን ነዋሪዎች አንሥቶ ከተማው ዳር፣ ኩራኩር ወደሚባለው ቦታ ማስፈር ሆነ። ምክንያት አልነበረውም አልልም። ከዓለቱ አናት ላይ መጸዳጃ ቆፍሮ፣ ፍሳሽ እየለቀቁ መኖር ለቅርሱ እንደማይበጅ የሚጠፋው ሰው የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ድሀው ከቅርሱ አጠገብ ሲነሣ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች በረንዳቸውን ወደ ተራራው እይታ ከፍተው መቀመጣቸውስ? የፀሐይ መጥለቂያው፣ ንፁሁ አየር፣ ደልዳላው ቦታ ለማን ተረፈ?

ኩራኩር ላይ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። «ቤቱ ደኅና ነው ልጄ፣ አላማርርም» አሉኝ። «እዚያ እያለሁ ግን በሬን ከፍቼ ልጆቹ ሲላፉ አያቸው ነበር። እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚጫወቱት፤ መኪና መጣ አልመጣ ብዬ ልቤ አያርፍም።» እርስዎስ እማማ፣ ምን ቀረብዎት? አልኳቸው። ፈገግ አሉና «እኔማ ለቅዳሴ ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ፤ አሁን የምሄደው ለዓመት በዓል ብቻ ነው» ነው ያሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የከተማ ሐኪም ደም ግፊት ላለበት ሁሉ «በየቀኑ ተራመድ» ይላል። እኚህ እናት ማንም ሳያዛቸው በየማለዳው ይራመዱ ነበር። ደጀ ሰላሙ መዝናኛቸው፣ የዛፉ ጥላ ክለባቸው፣ ከጎረቤት ጋር ጠበል ቀምሶ መመለስ ስፖርታቸው ነበር። እኛ አገር መዝናናት በዚህ ስም አይጠራምና ቆጣሪው አላየውም። በወረቀት ላይ «የመኖሪያ ቤት ሁኔታቸው ተሻሽሏል» ተብሎ ተመዘገበ። ጉልበታቸው የት እንደገባ የሚጽፍበት ሠንጠረዥ አልነበረም!

«የላስታ ሰው ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው፣ ምን ስፖርት አነሰው?» የሚል ብልጣ ብልጥም ገጥሞኛል። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነውና ሳንባችን ሰፊ ነው፣ ተመስገን። ግን ጀሪካን አዝሎ ዳገት መውጣት ስፖርት ከሆነ እናቶቻችን ሁሉ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ይሰጣቸው! ሥራ ሥራ ነው፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እንጨት ለቅሞ የመጣ ልጅ ያንን ደቂቃ ሞልቶት ይሆናል፤ ልጅነቱን ግን አልሞላውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለጎብኚው የእግር ጉዞ የታሰበበት ነገር ነው። ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ አለ፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት መሪ፣ ማደሪያ፣ የተጠና መንገድ አለ። ጎብኚው ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ገንዘብ የሚደርሳቸው ገበሬዎችም አሉና አልቀናም። የሚያናድደኝ፣ ለአንድ ሳምንት እንግዳ እግር ዕቅድ የሚወጣለት አገር ለዕድሜ ልክ ነዋሪ እግር ዕቅድ ማጣቱ ነው። ጦርነቱ ደግሞ ይባስ አለ። በ2013 ክረምት ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ውጊያ ክልሉን አዳረሰው። ጎብኚው ሲቀር መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ባዶ መንገድ ግን ሜዳ አልሆነም።

ላሊበላ እኮ የገና ከተማ ናት። ገና ደግሞ በዓሉ ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ነው፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ ጥንጓን እያሳደዱ መራወጥ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል የኖረው፣ ሜዳው ላይ ጭሰኛ የባላባቱን ቅልጥም ቢመታ ስለማይጠየቅ ነው። አስቡት እስቲ ወገኖቼ፤ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ርስት በማይደርሳቸው፣ «ቡዳ» እየተባሉ ዳር በሚገፉበት በዚያ አገር፣ ጌታና ሎሌ በዓመት አንድ ቀን የሚተካከሉበት ቦታ ሜዳ ነበር። ዛሬ ርስቱም ጌታውም በአዋጅ ቀርቷል። ዳር የሚገፋ ሰው ግን አልቀረም፤ የሚገፋበት ምክንያት ብቻ ነው የተለወጠው። ትናንት «ዘርህ»፣ ዛሬ «ልማት»።

አዲስ አበባ ከዚህ የተለየች እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ከፍሎ ሊሠራት ሲነሣ፣ አበሻውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን ሰጠው፤ ለራሱ የመንግሥት ሠራተኞች የሠራው ሰፈር ስሙ እስከ ዛሬ ካዛንቺስ ነው። ጣሊያን ሄደ፤ መርካቶና አዲስ ከተማ ግን ዛሬም እንደተጨናነቁ ናቸው። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 47/67 መጣና ትርፍ ቤትን ሁሉ ወረሰ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ደሳሳ ቤት የቀበሌ ሆነ። ያንን ደሳሳ የሚያካክሰው አንድ ነገር ቢኖር የሰፈሩ ሜዳ ነበር። እሱንም የ1986ቱ የሊዝ አዋጅ ዋጋ አወጣለት፤ የት ኳስ ተጫወትን ያልነው ሁሉ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ጃንሜዳ እንኳ በ2012 በኮሮና ሰበብ የአትክልት ገበያ ሆኖ፣ የ2013 ጥምቀት ሲደርስ ነው የተለቀቀው። በ2016 ደግሞ ፒያሳ ፈረሰ። የሚያምር የእግረኛ መንገድ ተሠራበት፣ አይካድም፤ ዱሮ እዚያው በቅሎ ያደገው ሰው ግን ከተማ ዳር ሄዷልና፣ በዚያ መንገድ ለመንሸራሸር መጀመሪያ የታክሲ መክፈል አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። ስለዚህ ሰው ሲነሣ የሚገመተው መሬቱ ሳይሆን በላዩ ያፈራው ነው። ግድግዳው ይለካል፣ ቆርቆሮው ይቆጠራል፣ ባሕር ዛፉ ይገመታል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ ይከፈል ማለቱ እሰየው ነው፤ የላሊበላዎቹ ግን ከዚያ በፊት ነው የተነሡት። ለደጅ ካሳ የለም! ደጅ ማለት ልጅ የሚሮጥበት፣ ጎረቤት የሚቀመጥበት፣ የማንም ያልሆነ የሁሉም ቦታ ነው። የማንም ስላልሆነ ማንም አያስመዘግበውም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ አልጠፋም ማለት ነው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 አንብቡልኝ። ቅርስን የመንከባከብና ስፖርትን የማስፋፋት ኃላፊነት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ላሊበላ ላይ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ሁለተኛውን ከሰፈሩ አስነሣው።

ክቡራን ሹማምንት፣ ስታዲየም ሥሩልን አላልኩም። ከኩራኩር እስከ አብያተ ክርስቲያናቱ ዛፍ የተተከለበት፣ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት ድንጋይ ያለው የእግር መንገድ ብዙ ሚሊዮን አይፈጅም። ሰው ከተነሣበት ቦታ ላይ ቅርሱን የማይነካ አንድ ጥግ ለልጆቹ መከለልም ለፈረንሳይ ወይም ለዓለም ባንክ ደብዳቤ አያስጽፍም። ነዋሪው በ2011 መስከረም መጨረሻ ላይ ቅርሱን አድኑልን ብሎ በሺዎች አደባባይ ሲወጣ የተሰማው ለድንጋዩ ሲጮኽ ነው። ለራሱ ጉልበትና ለልጁ እግር ሲጮኽስ የሚሰማው የትኛው ቢሮ ነው? አድራሻውን የሚያውቅ ቢኖር ይጻፍልኝ።